ስለ ስላቅና ስለ ታረመ አነጋገር

ምላስ አጥንት የለውም፤ አጥንት ግን ይሰብራል፥ ይላሉ አበው። ይህ አነጋገር ቃል በሰው ላይ እንደ በትር የሚያርፍ መሆኑን ያስተምረናል። በትር ከሆነ ዘንድ በዙሪያው ሁለት ዓይነት ሰዎች ይቆማሉ። አንደኛው በትሩን ከኀይለኛው እጅ ነጥቆ በራሱ በኀይለኛው ጀርባ ላይ የሚያሳርፈው ነው፤ ይህም የስላቅ ጸሐፊ ነው። ሁለተኛው በትሩ በደካማው ላይ እንዳያርፍ የሚከለክለው ነው፤ ይህም የስድቡን ቃል ሽሮ በምትኩ የክብር ቃል የሚያቆመው ነው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ለዚህ ለሁለተኛው ሥራ «በፖለቲካ ረገድ ትክክል የሆነ አነጋገር» የሚል ስም ወጥቶለታል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለማሳጠር ያህል «የታረመ አነጋገር» እንለዋለን።

እኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ በእንግሊዝኛ ክፍል አንድ አጭር ጽሑፍ እንድናነብ ተሰጠን። ጽሑፉ የድሆችን ሕፃናት አንድ ዓመት ሲሞላቸው ለሀብታሞች ማዕድ መሸጥ ለአገር የሚሰጠውን ጥቅም በቍጥር እያሰላ የሚያስረዳ ነበር። ከመካከላችን አንዱ መጽሐፉን ዘግቶ «ይህን የጻፈ ሰው አረመኔ ነው» አለ። ሌላው ደግሞ ሒሳቡ ልክ መሆኑን ለማወቅ በደብተሩ ጠርዝ ላይ ይደምርና ይቀንስ ጀመር። መምህራችን የአስቸጋሪዎቹን ቃላት ፍቺ በሰሌዳ ላይ ጽፈው፥ ግሡንና ስሙን አስለይተውን፥ ደወል ሲደወል ወጡ። ጸሐፊው የተናገረው ሕፃናቱን ለማስበላት ሳይሆን በሕፃናቱ ረኀብ ላይ ዝም ያሉትን ሰዎች ለማሳፈር መሆኑን የተረዳነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያን ቀን ቃላቱን ሁሉ ተምረን ነገሩን ሳንማር ወጣን።

ይህ ጕድለት የእኛ ክፍል ብቻ አይመስለንም። የእንግሊዝኛ ትምህርት ለብዙዎቻችን የሰዋስውና የቃላት ትምህርት ሆኖ ይቀራል። ነገር ግን ቋንቋው በሚነገርባቸው አገሮች ስላቅም ሆነ የታረመ አነጋገር ረጅም ታሪክ አለው፤ ሰው ለእስራትና ለውርደት የተዳረገበት፥ መጽሐፍ የተቃጠለበት ታሪክ ነው። ይህን ታሪክ ያላወቀ ተማሪ ቃሉን ያነባል እንጂ ቃሉ ማንን እንደሚመታና ማንን እንደሚሸፍን ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ታሪኩን ባጭሩ ለመተረክ አስበናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስላቅ በእንግሊዝ ምድር የበቀለ ተክል አይደለም፤ ሥሩ በሮማውያን ዘንድ ነው። ከሮማውያን ባለቅኔዎች ሆራስ በፈገግታ፥ ከእርሱ በኋላ የተነሣው ዩቬናል በቍጣ የዘመናቸውን ሰዎች ነቀፉ። የእንግሊዝ ጸሐፊዎችም እነዚህን ሁለቱን አርአያ አድርገው በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በስላቅ መጻፍ በጀመሩ ጊዜ ሹማምንቱ ፈጥነው ደነገጡ። በ1599 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ዊትጊፍትና የለንደኑ ጳጳስ ባንክሮፍት ከዚያ ወዲያ ስላቅ እንዳይታተም አዘዙ፤ ከታተሙትም ውስጥ አንዳንዶቹ በእሳት ተቃጠሉ። እንግዲህ ስላቅ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ገና በልጅነቱ እሳት የቀመሰ ጽሑፍ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ዳንኤል ዴፎ የደረሰበት ነገር ደግሞ ለአንባቢ ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነው። ዴፎ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ተለይተው ከሚያመልኩት ክርስቲያኖች ወገን ነበር። በ1702 መጨረሻ ስሙን ሳይገልጽ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ የራሱን ወገኖች ጠላት መስሎ ተናገረ፤ እነዚህን ሰዎች በገንዘብ መቅጣት ዋጋ የለውም፥ ሰባኪዎቻቸውን ሰቅሎ ምእመናኑን ከአገር ማስወጣት ነው እንጂ፥ እያለ ጻፈ። የሚያስደንቀው ከዚያ የተከተለው ነው። ከጠላቶቹ አንዳንዶቹ መጽሐፉን እውነተኛ ምክር መስሏቸው አመሰገኑት፤ የገዛ ወገኖቹም ደነገጡ። በኋላ ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ በታወቀ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ተቈጡበት፤ አንደኛው ስለ ተዋረደ፥ ሁለተኛው ስለ ተሸበረ። መንግሥቱም ዴፎን ለሚጠቁም ሰው 50 ፓውንድ ሽልማት አስነገረ። በ1703 ተይዞ 200 ማርክ ተቀጣ፤ ለሦስት ቀን በአደባባይ አንገቱና እጁ በእንጨት ተቀርቅሮ እንዲቆም ተፈረደበት፤ በኒውጌት ወኅኒም ታሰረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ዴፎ የተቀጣው ሐሰት ስለ ተናገረ አይደለም። ጠላቶቹ በለሰለሰ ቃል በልባቸው ይዘውት የነበረውን አሳብ እስከ መጨረሻው አውጥቶ በግልጥ ስለ ተናገረው ነው። የለሰለሰው ቃል ሲገፈፍ ከሥሩ ገመድ ታየ። ተማሪም ከዚህ የሚማረው የመጀመሪያ ነገር በስላቅ ጽሑፍ ውስጥ ተናጋሪውና ጸሐፊው ሁለት ሰዎች መሆናቸውን ነው። በዴፎ መጽሐፍ ውስጥ የሚናገረው ሰው ዴፎ አይደለም፤ ዴፎ የፈጠረውና ራሱን በራሱ እንዲያጋልጥ የለቀቀው ሰው ነው። ይህን ያልለየ አንባቢ በ1702 ተሳስቷል፤ ዛሬም ይሳሳታል።

ይህ ጥበብ ከፍተኛ ደረጃ የደረሰው በዮናታን ስዊፍት እጅ ነው። ስዊፍት በ1667 በደብሊን ከተማ ተወለደ፤ ከ1713 ጀምሮም በዚያችው ከተማ የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል አለቃ ሆኖ አገለገለ። አየርላንድ በዚያን ዘመን በእንግሊዝ ሥር ነበረች። ብዙዎቹ ባለ ርስቶች የጭሰኛውን ገንዘብ ሰብስበው በእንግሊዝ አገር ይበሉት ነበር፤ የአገሩም ንግድ በእንግሊዝ ሕግ ታስሮ ነበር። በ1720ዎቹ መጨረሻ አዝመራው በተከታታይ በተበላሸ ጊዜ ድኻው በየመንገዱ ወደቀ። እኛ በተማሪነታችን ያነበብነውና ያልገባን ጽሑፍ በዚህ ጊዜ፥ በ1729፥ የታተመው የስዊፍት «ትሑት ሐሳብ» ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የሚናገረው ሰው አገሩን የሚወድ፥ ሒሳብ የሚያውቅ፥ አንደበቱ የታረመ ጨዋ ሰው ነው። አይሳደብም፤ አይጮኽም። በአየርላንድ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ አለ ብሎ ይነሣል፤ ከዚያ ልጅ የሚወልዱትን ባልና ሚስት 200,000 ያደርጋቸዋል፤ ልጆቻቸውን ማሳደግ የሚችሉትን 30,000 ይቀንሳል፤ በጭንገፋና በበሽታ የሚጠፉትን 50,000 ያወጣል፤ በየዓመቱ የሚወለዱ 120,000 የድኻ ልጆች ይተርፉታል። ከእነዚህ 20,000 ለዘር ቀርተው 100,000 ለገበያ ይቅረቡ ይላል። እናቶቹን ለከብት እርባታ በሚነገረው ቃል ይጠራቸዋል። ሥጋው ለስንት ሰው እንደሚበቃ፥ ቆዳው ለምን እንደሚሆን፥ የመጠጥ ቤቶች ገቢ እንዴት እንደሚጨምር ያስረዳል። በመጨረሻም በዚህ ነገር ራሱ ምንም ጥቅም እንደማያገኝ ያረጋግጣል፤ የሚሸጠው ሕፃን የለውምና።

ከዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውል የሚገባው አንድ ነገር አለ። የስዊፍት ስላቅ የሚወጋው ባለ ርስቶቹን ብቻ አይደለም፤ ቋንቋቸውንም ጭምር ነው። በዚያ ዘመን ሰውን እንደ ዕቃ እየቈጠሩ የአገርን ሀብት በስሌት የሚያቀርቡ ጽሑፎች በብዛት ይወጡ ነበር። በእነርሱ ውስጥ የሚራብ ሕፃን አልነበረም፤ ያለው ቍጥር ነበር። ስዊፍት ያንኑ የጨዋ ቋንቋ ወስዶ፥ አንዲት የስድብ ቃል ሳይጨምርበት፥ ወደሚያደርሰው መድረሻ አደረሰው። እውነተኛውን መድኀኒትም አልሸሸገም፤ በጽሑፉ መጨረሻ አካባቢ፥ በውጭ አገር ተቀምጠው የርስታቸውን ገቢ በሚበሉት ላይ ግብር ይጣል፥ ሕዝቡ በአገሩ የተሠራውን ብቻ ይልበስ፥ ባለ ርስቶች ለጭሰኞቻቸው ይራሩ የሚሉትን ይዘረዝራል። ነገር ግን ተናጋሪው እነዚህን እየጠራ፥ የሚፈጽማቸው ስለሌለ ማንም አያንሣብኝ ይላል። ጽሑፉን ከልብ የሚያነብ ተማሪ ወርቁን የሚያገኘው ከዚህ ላይ ነው፤ የስዊፍት የገዛ ድምፁ ለጥቂት መስመር የሚሰማው በዚህ ቦታ ነውና።

እንግዲህ የለሰለሰ ቃል ሁልጊዜ የደግነት ምልክት አለመሆኑን ከስዊፍት ተማርን። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ዘመናት ይህንኑ በሌላ መንገድ አሳይተዋል። በቴአትር ቤቶች ውስጥ በሚደረገው ስላቅ የተበሳጨው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የዋልፖል መንግሥት በ1737 ሕግ አውጥቶ ቴአትር ሁሉ አስቀድሞ በቤተ መንግሥቱ ሹም እንዲመረመር አደረገ። ይህም ምርመራ ፈጽሞ የተሻረው በ1968 ነው። በ1807 ደግሞ በቤተሰብ መካከል ድምፅን ከፍ አድርጎ ለማንበብ አያመችም የተባለው ቃል ሁሉ የተፋቀበት የሼክስፒር ቴአትሮች ስብስብ ታተመ። መጽሐፉ ኋላ በ1818 በአሥር ክፍል ሲወጣ የቶማስ ባውድለር ስም ተጻፈበት፤ የመጀመሪያውን ያዘጋጀችው ግን እኅቱ ሄንሪዬታ ነበረች። የነውሩን ቃል ለይቶ ለመፋቅ የነውሩን ቃል ማወቅ ያስፈልጋልና፥ በዚያ ዘመን ለጨዋ ሴት ይህን ማመን የሚያሳፍር ነበር። ዛሬ በእንግሊዝኛ የሰውን መጽሐፍ እየፋቁ ማበላሸት በባውድለር ስም የሚጠራ ግሥ ሆኗል። ስላቅ በፋቂዋ ላይ ሳይሆን በወንድሟ ስም ተበቀለ።

ነገር ግን ቃል የሚታረመው ለመሸፈን ብቻ ነው ብንል ፍርዳችን ግማሽ ይሆናል። ቃል ስድብን ለመሻርም ይታረማል። ለዚህ ምስክራችን የአሜሪካ ጥቁሮች ታሪክ ነው። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት የለም፤ በእንግሊዝኛ ግን የሕዝብ ስም በትልቅ ፊደል ይጀመራል። በአሜሪካ ጋዜጦች የጀርመኑም የአይሪሹም ስም በትልቅ ፊደል ሲጻፍ፥ ጥቁሮቹ በዚያን ጊዜ የሚጠሩበት ኔግሮ የሚለው ስም በትንሽ ፊደል ይጻፍ ነበር። ሊቁ ዱ ቦይስ ይህ እንዲታረም ብዙ ዘመን ታገለ። ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ በ1930 በትልቅ ፊደል መጻፍ ጀመረ። በአንዲት ፊደል መጠን ላይ ይህን ያህል መታገል ለማያውቀው ሰው ከንቱ ይመስለዋል። ለተሰደበው ግን ፊደሏ የሰውነት ምስክር ነበረች።

ሆኖም ይኸው ዱ ቦይስ በ1928 አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስሙ ራሱ የውርደት ነውና ለምን አይለወጥም ብሎ በጻፈለት ጊዜ፥ ስምን ከነገሩ ጋር አታምታታ የሚል መልስ ሰጠው። ስም ምልክት ነው፤ ሕዝቡ የሚናቅ ከሆነ ስሙን ብትለውጥ ንቀቱ አዲሱን ስም ይከተለዋል፤ ሕዝቡ የሚከበር ከሆነ ደግሞ አሮጌው ስም ራሱ ይከበራል ማለቱ ነበር። እንግዲህ አንዱ ሰው ለፊደሏ ታገለ፥ ለስሙ ግን አልታገለም። ይህ እርስ በርሱ የሚቃረን አይደለም። ቃሉ ይታረም፤ ግን በቃሉ መታረም ሥራው አለቀ አይባል፥ ማለቱ ነው።

የዱ ቦይስ ምክር እውነት መሆኑን አንድ የቃል ታሪክ ያስረዳናል። በ1910 ጎዳርድ የተባለ የአሜሪካ ሥነ ልቡና ሊቅ አእምሯቸው በጥቂቱ የደከመ ሰዎችን ለመሰየም ከግሪክ ቋንቋ ወስዶ «ሞሮን» የሚል ቃል አወጣ። ቃሉ የሳይንስ ቃል ነበር። ጥቂት ዘመን ሳይቈይ ግን በየመንገዱ የሚወረወር ስድብ ሆነ። ስለዚህ «የዘገየ» የሚል ትርጕም ያለው ሌላ የለዘበ ቃል በምትኩ ቆመ፤ እርሱም በልጆች አፍ ስድብ ሆነ። በ2010 የአሜሪካ መንግሥት በአንዲት ሕፃን ስም የተጠራ ሕግ አውጥቶ ይህንኑ ሁለተኛ ቃል ከፌዴራል ሕጎቹ ውስጥ አስወጣ። ቃሉ በየጊዜው ሲለወጥ ንቀቱ ከኋላው እየተከተለ ያቆሽሸዋል። ይህ ማለት ግን ማረሙ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ልብስ ያድፋል ተብሎ ማጠብ አይተውምና።

አሁን በዚህ ዘመን ስለ ቋንቋ የጻፈውን ጆርጅ ኦርዌልን እናንሣ። ኦርዌል በ1903 በሕንድ አገር ተወልዶ ከ1922 እስከ 1927 በበርማ የእንግሊዝ ፖሊስ ሆኖ ስላገለገለ፥ ገዥዎች ሥራቸውን በምን ዓይነት ቃል እንደሚጠሩ በዐይኑ አይቷል። በ1946 ስለ ፖለቲካና ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ ባወጣው ጽሑፍ የዘመኑ የፖለቲካ ንግግር መከላከያ የሌለውን ነገር ለመከላከል የሚያገለግል መሆኑን አመለከተ። መንደር በአውሮፕላን ሲደበደብ «ሰላም ማስፈን» ይባላል፤ ገበሬ ከርስቱ ሲባረር «የሕዝብ ዝውውር» ይባላል፤ ሰው ያለ ፍርድ ሲታሰርና ሲገደል «የማይታመኑትን ማስወገድ» ይባላል። እነዚህ ሁሉ ጨዋ ቃላት ናቸው። ነገር ግን የሚጠብቁት ክብር የተገፋውን ሰው ክብር ሳይሆን የገፊውን ነው።

የኦርዌል የራሱ መጽሐፍ ዕድልም የሚያስቅና የሚያሳዝን ነው። የሶቪየትን መንግሥት በእንስሳት ተረት የሰለቀበት «የእንስሳት እርሻ» በ1945 ከመታተሙ በፊት ብዙ አሳታሚዎች መለሱት። ሶቪየት በጦርነቱ የእንግሊዝ ወዳጅ ነበረችና። አንዱ አሳታሚ በመጀመሪያ ተስማምቶ ሳለ ከእንግሊዝ ማስታወቂያ ሚኒስቴር አንድ ባለሥልጣን ምክር ከሰማ በኋላ አሳቡን ለወጠ፤ ለጸሐፊውም ገዥዎቹ አሳማዎች ባይሆኑና ሌላ እንስሳ ቢሆኑ የሚያስቀይመው ነገር ይቀንስ ነበር ሲል ጻፈ። ታሪኩን ሳንዘል የጠቀስነው በምክንያት ነው። አሳማን በሌላ እንስሳ መተካትም የታረመ አነጋገር ነው። ግን ማንን ለመጠበቅ?

ከዚህ በኋላ «በፖለቲካ ረገድ ትክክል» የሚለው ሐረግ ራሱ የመጣበትን መንገድ ብናይ ነገሩ ይገለጥልናል። በ1793 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ጀምስ ዊልሰን በሰጠው አሳብ ውስጥ፥ ሰዎች ጽዋ አንሥተው «ለአሜሪካ ሕዝብ» በማለት ፈንታ «ለአሜሪካ» ማለታቸው በፖለቲካ ረገድ ትክክል አይደለም ብሎ ነበር። ሥልጣን ከሕዝብ የሚመነጭ ነውና ሕዝቡ ይጠራ ማለቱ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት በግራ ክንፍ ፖለቲከኞች መካከል የፓርቲውን መስመር ሳይጠይቅ የሚከተለውን ሰው ለመንካት ሐረጉ በመካከላቸው ለቀልድ ይነገር ጀመር። ይኸውም በራስ ላይ የሚደረግ ስላቅ ነበር። በ1990 የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የዩኒቨርሲቲዎችን ክርክር በዚህ ስም አንሥቶ ጻፈ፤ በ1991 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ንግግር፥ ነገሩ ከመልካም ምኞት ቢነሣም አሮጌውን ጥላቻ በአዲስ ጥላቻ ይተካል ብለው ነቀፉት። በ1994 ደግሞ ጀምስ ፊን ጋርነር የተባለ ጸሐፊ የቆዩትን የልጆች ተረቶች ከመጠን በላይ በታረመ ቋንቋ ደግሞ ጽፎ ብዙ አንባቢ አሳቀ። አንዱ ሐረግ በመጀመሪያ ለክርክር፥ ቀጥሎ ለቀልድ፥ በመጨረሻም ለክስ አገለገለ። ሐረጉን የሰማ ተማሪ ከሦስቱ በየትኛው እንደ ተነገረ መጠየቅ ይገባዋል።

ስላቅና የታረመ አነጋገር ፊት ለፊት የተጋጠሙበት መጽሐፍ ግን የማርክ ትዌይን «ሃክልቤሪ ፊን» ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝ አገር በ1884፥ በአሜሪካ በ1885 ታተመ። ባለጌ ነው ተብሎ በዚያው ዓመት የኮንኮርድ ከተማ ቤተ መጻሕፍት አስወጣው። በ1957 ደግሞ በኒው ዮርክ ከተማ ለታናናሽ ክፍሎች ከተፈቀዱት የመማሪያ መጻሕፍት ዝርዝር ወጣ። የሁለተኛው ጊዜ ምክንያት ከመጀመሪያው ይለያል። በመጽሐፉ ውስጥ ለጥቁሮች የሚነገረው ክፉ የስድብ ቃል ከ200 ጊዜ በላይ ይገኛል። በ2011 አንድ አሳታሚ ቃሉን «ባሪያ» በሚል ቃል ተክቶ ለትምህርት ቤት ያመቻል ያለውን እትም አወጣ።

በዚህ ክርክር ሁለቱም ወገኖች የሚሰማ ነገር አላቸው። ትዌይን ቃሉን የጻፈው ባርነትን ለማሞገስ አይደለም። የመጽሐፉ ልብ ልጁ ሃክ ጓደኛውን ጂምን ለባለቤቱ አሳልፎ አለመስጠት ኀጢአት መሆኑን ከኅብረተሰቡ ተምሮ ሳለ፥ ገሃነም ብወርድም ልውረድ ብሎ ጓደኛውን የመረጠበት ስፍራ ነው። ስላቁ የሚወጋው ክፋትን ጽድቅ ብሎ ያስተማረውን ኅብረተሰብ ነው፤ የኅብረተሰቡ ቃል ሲፋቅ ክፋቱም አብሮ ይፋቃል። ከ1830ዎቹና ከ1840ዎቹ ሚሲሲፒ ይልቅ የተሻለ ዓለም ይታያል። በሌላ ወገን ደግሞ በክፍሉ ውስጥ አንድ ጥቁር ልጅ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ፥ ጓደኞቹ ያንን ቃል እየተቀባበሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡት የሚሰማውን ሕመም ስለ ሥነ ጽሑፍ የተሰጠ ትንታኔ አያሽረውም። እኛ እንደሚመስለን መጽሐፉ ሳይፋቅ ይነበብ፤ መምህሩም ቃሉን ሳያስጮህ፥ ማን ለምን እንደ ተናገረው አስቀድሞ ያስረዳ። የሞተውን ጸሐፊ ቃል ከመለወጥ ይልቅ ሕያው የሆነውን ተማሪ ማዘጋጀት ይሻላል።

ይህ ሁሉ የባሕር ማዶ ነገር ብቻ እንዳይመስለን ወደ አገራችን እንመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ባወጡት አዋጅ፥ ብረት የሚሠራውን፥ ሸማ የሚሸምነውንና ሌላውንም ባለ ሙያ በሥራው ምክንያት መስደብ ከለከሉ። አነጋገርን በአዋጅ ማረም ማለት ይህ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ያደረጉት ቃሉ ለጆሮ ስለ ከበዳቸው ብቻ አይደለም፤ ስድቡ የእጅ ሥራን እያስጠላ አገርን የሚያደኸይ መሆኑን ስለ ተመለከቱ ነው። ከተሰዳቢዎቹ ቃላት አንዱ የሆነው ጠይብ የሚለው ስም ደግሞ ጠቢብ ከሚለው የግዕዝ ቃል የመጣ ነው። እንግዲህ የጥበብ ስም በንቀት አፍ ውስጥ ገብቶ ስድብ ሆኖ ወጣ። ጎዳርድ ካወጣው ቃል ጋር ያለው መመሳሰል ያስደንቃል። ልዩነቱ የእኛው ከከፍተኛ ቦታ መውደቁ ነው። ዱ ቦይስ ለዚያ ተማሪ የሰጠው መልስ ለእኛም ተሰጥቷል ማለት ነው።

ስላቅም ቢሆን ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ባዕድ ነገር አይደለም። ቅኔ የሚማር ደቀ መዝሙር ከሰሙ ሥር ወርቁን መፈለግ ከልጅነቱ ይለምዳል፤ የአለቃ ገብረ ሐና ቀልድ በየቤቱ ይነገራል። ይህን ያህል ስንቅ ይዞ የመጣ ልጅ በእንግሊዝኛ ክፍል የስዊፍትን ጽሑፍ እንደ ዜና አንብቦ የሚወጣው አእምሮው ስላነሰው አይደለም። ከቤቱ ይዞት የመጣው ጥበብ ለዚህም የሚሠራ መሆኑን የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

ስለዚህ መምህራን እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ሲያስተምሩ ከቃላቱ ፍቺ ቀጥለው ሁለት ጥያቄዎችን ቢያነሡ መልካም ይመስለናል። የመጀመሪያው፥ የሚናገረው ማን ነው? ጸሐፊው ነውን፥ ወይስ ጸሐፊው እንዲጋለጥ ያቆመው ሰው? ሁለተኛው፥ ይህ ቃል የሚጠብቀው ማንን ነው? የታረመው ቃል የተናቀውን ሰው ከንቀት ይጠብቃልን፥ ወይስ የናቀውን ሰው ከሐፍረት? ሁለተኛው ጥያቄ ለስላቅም ይሠራል፤ በኀይለኛው ላይ የሚሳለቅና በወደቀው ላይ የሚሳለቅ እኩል አይመዘኑምና። የመጀመሪያው ድፍረት ነው፤ ሁለተኛው ስድብ ነው፥ ምንም በግጥም ቢነገር።

እነዚህ ጥያቄዎች ከክፍሉ በር ውጭም የሚያገለግሉ ናቸው። የዛሬው ተማሪ ነገ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ለሕዝብ ማስታወቂያ ያወጣል፤ ረኀብን፥ መፈናቀልን፥ ሞትን በሪፖርት ውስጥ በአንድ ቃል መጥራት ይኖርበታል። ያን ጊዜ የሚመርጠው ቃል የተራበውን ሰው የሚያሳይ ወይም የሚሰውር ይሆናል። እኛ ተማሪዎች ሳለን በክፍላችን ውስጥ አንዱ ጓደኛችን በደብተሩ ጠርዝ ላይ ሕፃናቱን ይደምርና ይቀንስ እንደ ነበር ከላይ ተናግረናል። ሒሳቡ ልክ ነበር፤ 100,000 ወጣለት። ስዊፍት የፈራው አንባቢም ይህንኑ ነበር፤ ሒሳቡን ልክ አግኝቶ ሕፃናቱን የማያይ። ጓደኛችን ግን ጥፋተኛ አልነበረም፤ ቀና ብሎ እንዲያይ የነገረው ሰው አልነበረም እንጂ። ዛሬ በዚያ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ተማሪ ይህን መንገር የእኛ፥ የመምህራኑና የጸሐፊዎቹ፥ ዕዳ ነው።